አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር አለመነሳት

አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር አለመነሳት ማለት ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ፓወር ሳፕላዩና ሌሎች ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው ቤት ውስጥ የተገጠሙለት ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ አለመሥራቱ ነው። ችግሩ በአራት መልክ ይታያል፦ ማብሪያው ሲጫን ጨርሶ ዝም ይላል፤ በርቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ፋኑ እየዞረ ሞኒተሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ወይም የመጀመሪያው ጽሑፍ ከታየ በኋላ ዊንዶውስ ወይም ሌላ ሥርዓተ ክወና አይነሳም።

የችግሩ የተለመዱ ምክንያቶች በደንብ ያልገባ ራም፣ የተረሳ ኬብልና እርስ በርስ የማይስማሙ ክፍሎች ናቸው። የተበላሸ ዕቃ የሚያጋጥመው ከእነዚህ ባነሰ ጊዜ ነው። በመሆኑም ፍተሻው ከግድግዳው ሶኬት ጀምሮ በቅደም ተከተል፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ይካሄዳል።

ይህ ቅደም ተከተል ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚገጣጥም ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኮላ ድባ (ቆላ ድባ) ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደምቢያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ለሙከራ የሚሆን ትርፍ ራም ወይም ፓወር ሳፕላይ ካልተገኘ ዕቃው ወደ ጎንደር፣ አንዳንዴም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርበታል። ደህናውን ክፍል ተበላሽቷል ብሎ ሌላ መግዛት ገንዘብም ቀንም ይበላል፤ እውነተኛው ችግር ግን ባለበት ይቆያል።

ኮምፒውተር ሲበራ የሚከናወነው

ፓወር ሳፕላዩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከኋላው ያለው ማብሪያ ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩ ገና ሳይበራ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት የመጠባበቂያ ኃይል ይሰጣል። የኬዙ የፊት ማብሪያ ሥራው በማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ሁለት ፒኖችን ለአፍታ ማገናኘት ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ይህን ሲያውቅ ፓወር ሳፕላዩን «ተነሣ» ብሎ ያዘዋል። ፓወር ሳፕላዩም 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያመነጫል፤ ኃይሉ መርጋቱን ካረጋገጠ በኋላ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ «ኃይሉ ደህና ነው» የሚል ምልክት ይልካል።

ከዚያ በኋላ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዙን ባዮስ ከተቀመጠበት ቺፕ ያነባል። ባዮሱ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የስክሪን ካርዱንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል። ይህ ራስን መፈተሽ «ፖስት» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተርም ላይ ነበረ። ፈተናው ሲያልፍ ባዮሱ ሥርዓተ ክወናውን ከዲስክ ፈልጎ ያስነሳል። ኮምፒውተሩ የቆመበት ደረጃ ከታወቀ መፈተሽ ያለባቸው ክፍሎች በጣም ይቀንሳሉ።

ከፍተሻ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ማንኛውም ኬብል ወይም ካርድ ከመነቀሉና ከመሰካቱ በፊት ስፒናው ከሶኬት መውጣት አለበት። የፓወር ሳፕላዩ የራሱ ሣጥን ፈጽሞ አይከፈትም፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

በአንዳንድ ፓወር ሳፕላዮች፣ በተለይ በቆዩት፣ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መምረጫ አለ። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ መምረጫው 230 ላይ መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ፓወር ሳፕላይ 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ በፍንዳታ ድምፅ ይቃጠላል። መምረጫ የሌላቸውና በላያቸው 100–240 ቮልት የሚል የተጻፈባቸው ግን በሁለቱም ይሠራሉ።

በበጋ ወራት አየሩ ሲደርቅ በሰውነት ላይ የሚጠራቀመው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ስለዚህ በምንጣፍ ወይም በብርድ ልብስ ላይ ከመሥራት ይልቅ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ መሥራት፣ ክፍሎቹን ከመንካት በፊትም ስፒናው የተነቀለውን ኬዝ ቀለም ያልተቀባ ብረቱን መንካት ይመከራል።

የመሬት መስመር (ኤርዝ) በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ኮምፒውተር ኬዙ ሲነካ እጅን ሊነዝር ይችላል። ምክንያቱም የፓወር ሳፕላዩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ወደ መሬት መሄድ የነበረበትን አነስተኛ ኃይል በብረቱ ላይ ስለሚተዉት ነው። ይህ ብቻውን ፓወር ሳፕላዩ መበላሸቱን አያሳይም፤ መፍትሔውም በኤሌክትሪክ ባለሙያ የመሬት መስመር ማስገባት ነው። መንዘሩ ጠንካራ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩን መጠቀም ማቆም ይገባል።

ጨርሶ ዝም ሲል

ፋን የማይዞርና መብራት የማይታይበት ከሆነ የሚከተሉት በቅደም ተከተል ይታያሉ፦

1. በዚያው ሶኬትና በዚያው ማከፋፈያ ላይ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ ይሞከራል።
2. ከፓወር ሳፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያ መከፈቱ ይታያል።
3. ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ባለ 24 ፒን ትልቅ ኬብል መንጠቆው እስኪይዝ ድረስ መግባቱ ይረጋገጣል።
4. ከኬዙ ማብሪያ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ በተመለከተው ቦታ መሰካቱ ይታያል። የማብሪያው ሽቦ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሰካ ይሠራል፤ የመብራቶቹ ሽቦዎች ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው።
5. የማብሪያው ሽቦ ተነቅሎ ሁለቱ ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ይነካካሉ። ኮምፒውተሩ በዚህ ከተነሣ ችግሩ የኬዙ ማብሪያ ነው።

መመሪያው ከሳጥኑ ውስጥ ከጠፋ በማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን የሞዴል ስም በስልክ ፈልጎ ከአምራቹ ገጽ ማውረድ ይቻላል።

በርቶ ወዲያው ሲጠፋ

ፋኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ዞሮ የሚቆም ከሆነ አንደኛው ተጠርጣሪ ሾርት ነው። ማዘርቦርዱ ከኬዙ ብረት ከፍ ብሎ የሚቀመጠው በትናንሽ የናስ ማቆሚያዎች ላይ ነው። ማቆሚያዎቹ ከተረሱ ወይም የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ትርፍ ማቆሚያ ከቀረ፣ ከማዘርቦርዱ ሥር ያሉት ብየዳዎች ብረቱን ይነካሉ። ከሥር የወደቀ ብሎንም ያንኑ ያደርጋል።

ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ከበርካታ ሰከንዶች ወይም ከደቂቃ በኋላ ከሆነ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ይታያል። በማቀዝቀዣው ሥር የሚለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ መገጠሙ፣ የሙቀት ቅባት መረሳቱ፣ ወይም ከአራቱ ማሰሪያዎች አንዱ አለመያዙ ፕሮሰሰሩን ያግለዋል፤ እርሱም ራሱን ለማዳን ያጠፋል።

ፋን እየዞረ ሞኒተሩ ጥቁር ሲሆን

ይህ መልክ ብዙ ምክንያቶች ስላሉት ጊዜ የሚወስደው እርሱ ነው።

የሞኒተር ኬብል። ለብቻው የተገዛ የስክሪን ካርድ ካለ ኬብሉ መሰካት ያለበት በካርዱ ላይ ነው። ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው መሰኪያ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ነው። እንደ ኮር አይ5-12400ኤፍ ያሉ ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግራፊክስ የላቸውም። ከኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ ራይዘን 5 5600 የለውም፤ 5600ጂ ግን አለው። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ያለ ስክሪን ካርድ ከተገጠመ ሁሉም ዕቃ ደህና ሆኖ እያለ ሞኒተሩ ጥቁር ይሆናል።

የፕሮሰሰሩ ኃይል። ከባለ 24 ፒኑ ኬብል ሌላ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብል አለ። ይህ ሲረሳ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ አይጀምርም። የስክሪን ካርዱ ኬብልም 8 ፒን ስላለው ይመሳሰላሉ። የፕሮሰሰሩ ለሁለት ባለ 4 ይከፈላል፤ የካርዱ ግን ወደ 6 እና 2 ይከፈላል። ከሌላ ፓወር ሳፕላይ የተወሰደ ተነቃይ ኬብል ጫፉ ልክ ቢመጣ እንኳ መጠቀም አደገኛ ነው፤ የሽቦዎቹ አደራደር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ዲስክና ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

ራም። ራም ከሁለቱም ጫፍ «ጠቅ» እስኪል ድረስ ጠንከር ተደርጎ ይገፋል። አራት መክተቻ ባላቸው ብዙ ማዘርቦርዶች ሁለት ራሞች የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው። ዲ.ዲ.አር.4 እና ዲ.ዲ.አር.5 ቦይ ያለባቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መክተቻ አይገባም፤ በኃይል መግፋትም አይገባም። ዲ.ዲ.አር.5 ያላቸው ኮምፒውተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ ራሙን ለማጣጣም ደቂቃዎች ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ ሞኒተሩ ጥቁር ቢሆንም ሳያጠፉ መታገሥ ያስፈልጋል።

ባዮስና ፕሮሰሰር። ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ በኋላ የወጣ ከሆነ የቆየው ባዮስ ላያውቀው ይችላል። ለምሳሌ ቢ450 ማዘርቦርዶች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የወጡት በ2020 ነው፤ ባዮሱ ካልታደሰ አብረው አይነሡም። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ያለ ፕሮሰሰርም ባዮስን ከፍላሽ የሚያድስ ልዩ ቁልፍ አላቸው። ይህ ከሌለ ቀደም ያለ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል።

የድምፅና የመብራት ምልክቶች። ብዙ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ስክሪን ካርድና ዲስክ የሚያመለክቱ አራት ትናንሽ መብራቶች አሏቸው፤ በርቶ የቀረው መብራት ፈተናው የቆመበትን ክፍል ያሳያል። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከተሰካ ደግሞ የጩኸት ምልክት ይሰማል። በአዋርድ ባዮስ አንድ ረዥምና ሁለት አጭር ድምፅ የስክሪን ካርድ ችግርን ያመለክታል። ትርጉሙ ከባዮስ ባዮስ ስለሚለያይ ከማዘርቦርዱ መመሪያ ጋር ይመሳከራል።

ጽሑፍ ታይቶ ሥርዓተ ክወናው ሳይነሳ ሲቀር

የአምራቹ አርማ ከታየና ባዮስ ውስጥ መግባት ከተቻለ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ስክሪኑ ሥራቸውን ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ዲስኩ በባዮስ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ይታያል። አዲስ ዲስክ ባዶ ስለሆነ መጀመሪያ ከፍላሽ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ መጫን አለበት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የመጣ ዲስክ በቀድሞው አከፋፈል የተዘጋጀ ከሆነ፣ ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ.ን ብቻ የሚቀበል አዲስ ማዘርቦርድ አያስነሳውም። ኤም.2 መክተቻም ሁለት ዓይነት ዲስክ ይኖረዋል፤ ሳታ የሆነው ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. ብቻ በሚቀበል መክተቻ ቢገባም አይታይም።

ወደ ጥቂት ክፍሎች መቀነስ

ከላይ ያለው ሁሉ ታይቶ መልስ ካልተገኘ ኮምፒውተሩ ለመነሣት ወደሚበቁት ክፍሎች ይቀነሳል። እነዚህም ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሳፕላይና ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው የስክሪን ካርድ ናቸው። ማዘርቦርዱ ከኬዙ ወጥቶ በራሱ ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ዲስክ፣ የፊት ዩ.ኤስ.ቢ. እና ተጨማሪ ፋኖች ሁሉ ይነቀላሉ።

በዚህ ሁኔታ ከተነሣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ ይሞከራሉ፤ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ያቆመው ክፍል ወይም መሰኪያው ጥፋተኛ ነው። ካልተነሣ ራሙ በሌላ መክተቻ፣ ሁለት ራም ካለም አንዱ በሌላው ተተክቶ ይሞከራል። ቀጥሎ ስፒናው ተነቅሎ ሲ.አር.2032 የተባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ይወጣል፤ ይህ የባዮሱን ቅንብር ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ ተነሥቶ ፒኖች መጉበጣቸው በብርሃን ይታያል። በአዳዲስ የኢንቴል ማዘርቦርዶችና በኤ.ኤም.ዲ. ኤ.ኤም.5 ላይ ፒኖቹ ያሉት በማዘርቦርዱ ነው፤ በኤ.ኤም.4 ግን በፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው።

የመብራት ሁኔታ

መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ደህና ኮምፒውተርም የተበላሸ ሊመስል ይችላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሳፕላይ ኃይሉ ሲወርድ መሥራቱን ይቀጥላል፤ 200–240 ብቻ የተጻፈበት ግን ምሽት ላይ መብራት ሲደክም ላይነሣ ይችላል። ኮምፒውተሩ ጠዋት ተነሥቶ ማታ እምቢ ካለ ክፍል ከመቀየሩ በፊት የሶኬቱን ቮልት በመልቲሜትር መለካት ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት በሚመለስበት ቅጽበት ከሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ያድናል። በክረምት መብረቅ ሲኖርም እንዲሁ ይደረጋል። ስታቢላይዘር የቮልቱን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኃይል አይሰጥም፤ ለዚህ ዩ.ፒ.ኤስ. ያስፈልጋል።

ወደ ጥገና ሲወሰድ

ክፍሎቹን ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ ግድ ከሆነ ከባድ ስክሪን ካርድ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸጋል፤ በመንገድ ንቅናቄ ራሱንም መክተቻውንም ሊሰብር ይችላል። ትልቅ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣም እንዲሁ። ፒኖቹ በማዘርቦርዱ ላይ የሆኑበት ማዘርቦርድ ያለ ፕሮሰሰር የሚላክ ከሆነ የፕላስቲክ ክዳኑ መመለስ አለበት፤ ብዙ ሻጮች የጎበጠ ፒን ያለበትን ማዘርቦርድ በዋስትና አይቀበሉም።

ከዕቃው ጋር ደረሰኙ፣ የታየው ምልክትና እስከዚያ የተሞከረው ሁሉ በጽሑፍ ቢሄድ ጠጋኙ ከመጀመሪያው አይጀምርም። «አይሠራም» ከሚለው ይልቅ «ፋን ይዞራል፣ የራም መብራት በርቶ ይቀራል፣ ሁለቱም ራሞች በሁለት መክተቻ ተሞክረዋል» የሚለው ማስታወሻ ቀጥሎ መታየት ያለበትን ክፍል ያመለክተዋል።