መርፌና ቁስል

በ1919 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጁላይ 6 ቀን፣ በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ስለ ጦርነቱ ማብቃት የምስጋና ጸሎት ሲደረግ፣ በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ፊት የተዘረጋው የመሠዊያ ልብስ ቁስለኛ ወታደሮች የጠለፉት ነበር። ጠላፊዎቹ ከ130 በላይ ሲሆኑ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከካናዳና ከደቡብ አፍሪቃ የዘመቱ ነበሩ። በየሆስፒታሉ አልጋቸው ላይ ሆነው ቁራጭ ቁራጩን ጠለፉ፤ ቁራጮቹም ኋላ በንጉሣዊው የጥልፍ ትምህርት ቤት ተጋጠሙ።

ጥልፍን የቁስለኞች መተዳደሪያ ለማድረግ ከደከሙት አንዱ ተዋናዩ ኧርነስት ቴሲጀር ነው። በ1914 ተራ ወታደር ሆኖ ዘምቶ፣ ፈረንሳይ ውስጥ እጁን ቆስሎ ተመለሰ። (የቤተሰቡ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከ1909 እስከ 1919 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአጎቱ ልጅ ነው።) የጡረታ ሚኒስቴሩ ሐሳቡን በመጀመሪያ አልተቀበለውም። ሽመናና ልብስ ስፌት በወንድ እጅ ሲሠሩ እያየን ላደግነው ለእኛ ነገሩ ያስገርማል፤ በዚያ አገር ግን መርፌ የሴት መዋያ ተደርጎ ይታይ ነበር።

መርፌው ለቁስለኛው ምን ሰጠው? ሥራው ተጋድሞም ይሠራል። የደነዘዘ ጣት ይፍታታበታል፤ በመድፍ ድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቀስ በቀስ ይረጋበታል። የተሳሳተ ስፌት ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ የተቆረጠ እግር ግን አይመለስም።

የልብሱን ታሪክ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ተቆጥቼ ነበር። በጨርቁ ላይ የወርቅ ጽዋ፣ የሰማዕትነት ምልክት የሆነ ዘንባባ፣ አበባና ወፍ አለ፤ ቁስል ግን የለም። የሠርቶ አደሩን ልጅ ለቅኝ ግዛት ሽሚያ ማግዶ ያቆሰለ መንግሥት፣ ጠባሳውን በዚያው ልጅ እጅ በወርቅ ክር አስሸፈነው ብዬ ፈረድሁ። ፍርዱን ዛሬም አላነሣም። ነገር ግን እኔ የመረመርሁት ጨርቁን እንጂ እጁን አልነበረም። ሰውየው የጠለፈው ምናልባት ለንጉሡ ሳይሆን፣ ነገ ቁልፉን ራሱ ለመቆለፍ ይሆናል። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ይህን የመሰለውን ነገር የምንመዝንበት ሚዛን የለንም።

በ1940 መሠዊያው በጀርመን ቦምብ ሲመታ ጥልፉ ተረፈ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ከዕይታ ተለየ። በ2014፣ የጦርነቱ መነሻ መቶኛ ዓመት ሲታሰብ፣ እንደገና ለሕዝብ ታየ። የጠላፊዎቹም ስም በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል።