ተማሪን የመመዘን ታሪክ፤ ከቃል ትምህርት እስከ ልዩ ትምህርት
በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክም ሆነ በላሊበላ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለብዙ ዘመን የተላለፈው ይበልጡን በቃል ነው። የኔታ ደቀ መዝሙሩን የሚመዝኑት ያጠናውን በቃሉ በማስባል፣ የቆጠረውንም ቅኔ በማረም ነበር። ሚዛኑ ጆሮና አንደበት ስለ ነበረ፣ ዐይነ ስውሩ ከዐይናማው ጋር እኩል ተፈትኖ እስከ መሪጌትነት ለመድረስ ይችል ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ሚዛን መስማት ለተሳነው ልጅ ደጁን ዘጋበት።

በፈረንሳይ አገር አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጡት መመዘኛ የታሰበው ልዩ ርዳታ የሚያሻቸውን ሕፃናት ለይቶ ለማወቅ ነበር፤ ኋላ ግን በሌሎች እጅ ሰውን በማዕርግ መደልደያ ሆነ። በአገራችንም የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ደነገገ፤ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተከተለው።

ይሁን እንጂ የድንጋጌው ፍጻሜ በመዛኙ እጅ ነው። በጽሑፍ ብቻ የቀረበ ጥያቄ የዐይንን ድካም የአእምሮ ድካም ሊያስመስል ይችላል፤ በቃል ብቻ የቀረበውም የጆሮን። ስለዚህ ልጁን «አይችልም» ብለን ከመፍረዳችን አስቀድሞ፣ ፈተናው በየትኛው ሕዋሱ በኩል እንደ ደረሰው መመርመር የሙያችን ግዴታ ነው።