ሞቃቱ ወለልና የእንግዳ ክብር፦ የኮርያ ቤት ሥርዓት መነሻ

ወደ ኮርያውያን ቤት ለሚሄድ እንግዳ የሚሰጡ ምክሮች «ጫማ አውልቅ፣ በሁለት እጅ ተቀበል» እያሉ ትእዛዝ ይደረድራሉ። ምክሮቹ ትክክል ናቸው፤ የጋራ መነሻቸውን ግን አያሳዩም። በዚህ ጽሑፍ እምነት አብዛኛው ሥርዓት ከሁለት ነገሮች ይመነጫል፦ ከቤቱ ወለልና ከዕድሜ ቅደም ተከተል።

ወለሉ የሚሞቅበት ዘዴ ኦንዶል ይባላል። በጥንቱ አሠራር የምድጃው ሙቀትና ጭስ በድንጋይ ንጣፍ ሥር ባሉ ቦዮች አልፎ በወዲያኛው ጫፍ ይወጣ ነበር። ዛሬ በአፓርታማዎች ውስጥ በወለሉ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ሙቅ ውኃ ይዘዋወራል። ደቡብ ኮርያ የኦንዶልን ባህል እ.ኤ.አ. በ2018 በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግባዋለች። በልማዱ ሰው የሚቀመጠው፣ የሚበላውና የሚተኛው በዚሁ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ዝቅ ባለው መግቢያ ጫማ ሳያወልቁ መዝለቅ በሰው መኝታና ማዕድ ላይ እንደ መርገጥ ይቆጠራል።

ወለሉ ሁሉ ግን እኩል አይሞቅም ነበር። ለምድጃው የቀረበው ስፍራ አሬንሞክ ይባላል፤ በብርድ ወራት ለአዛውንትና ለእንግዳ ይለቀቅ ነበር። እንግዳ መቀመጫ እስኪያሳዩት ድረስ ቆሞ መጠበቁ ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል።

የዕድሜ ቅደም ተከተል የጸናው እ.ኤ.አ. ከ1392 እስከ 1910 በዘለቀው በጆሰን ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው፤ መንግሥቱ የኮንፊሺየስን ትምህርት የአስተዳደርና የቤተሰብ ሕይወት መሠረት አድርጎት ነበር። በማዕድ ዙሪያ በዕድሜ ታላቁ ሰው ማንኪያ ሳያነሣ ታናሹ አይጀምርም። መጠጥ የሚቀዳውም ሆነ ስጦታ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። በታላቅ ፊት አልኮል የሚጠጣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ማንኪያን ወይም የመመገቢያ እንጨትን በሩዝ ላይ ሽቅብ መትከል ለሙታን አያቶች የሚቀርበውን መሥዋዕት ስለሚያስታውስ ነውር ነው።

ሁሉም ልማድ ግን ከእነዚህ ሁለቱ አይመነጭም። ለአዲስ ቤት ምረቃ የልብስ ሳሙና የሚወሰደው ሀብት እንደ አረፋው ይብዛ ለማለት ነው።

ስለዚህ የተጋበዘ ሰው ትእዛዛቱን ሁሉ በቃሉ መያዝ የለበትም። ሲገባ ወለሉን ይመልከት፤ ሲቀመጥ በዕድሜ ታላቁ ማን እንደሆነ ይለይ። አንዱን ደንብ ቢዘነጋ እንኳ እነዚህ ሁለቱ ይመሩታል።