በዘፈኖች መካከል የነበረው ድምፅ፦ የራዲዮ ሙዚቃ አቅራቢነትና የካርቲየ 2 ቋንቋዎች

በ2020 እና በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለው አሳታሚ ከጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጋር ተስማምቶ ሁለት አልበሞችን ለዓለም አቀረበ። የመጀመሪያው የጣቢያው የራሱ ባንድ የሆነው የግሩፕ አር ቴ ዴ አዲስ ቅጂ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በጣቢያው ክምችት ክፍል ለብዙ ዓመታት ከተቀመጡ የቴፕ ክሮች የወጣ የካትር ማርስ ባንድ ሥራ ነው። ባንዱ ስሙን ያገኘው ገዥው ፓርቲ ከተመሠረተበት ከመጋቢት 4 ቀን 1979 ነው፤ ነጻነት በተገኘ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው። አልበሞቹ በሚገባ ተደምጠዋል፤ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሙዚቃ ለብዙ ዘመን ያጣውን ጆሮ አግኝቷል። ይሁን እንጂ አልበም የዘፈን ስብስብ ነው። ዘፈኑ በመሣሪያ ይጀምራል፣ በመሣሪያ ያልቃል። እነዚያ ዘፈኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በካርቲየው በረንዳዎች ሲሰሙ በፊታቸውም በኋላቸውም የሰው ንግግር ነበር። ያ ንግግር የት ገባ?

ጥያቄው ለሙዚቃ ተመራማሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለቋንቋ ተመራማሪ ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው። የዘፈን ግጥም የተጠና፣ የተመረጠ፣ በቤት መምቻና በምጣኔ የታሰረ ቋንቋ ነው፤ ሰው በገበያና በደጃፍ እንዲህ አይናገርም። የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢ ንግግር ግን በሁለቱ መካከል ይገኛል። ለብዙ ሰው የሚነገር በመሆኑ ይታረማል፤ ያልተጻፈ በመሆኑ ደግሞ ያመልጣል። በእንዲህ ያለው ማምለጫ ላይ ነው የአንድ ሰፈር አነጋገር የሚታየው።

ከማህሙድ ሃርቢ አደባባይ፣ ቀድሞ ራምቦ አደባባይ ይባል ከነበረው፣ ወዲያ የሚዘረጉት የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች ስማቸው ቁጥር ነው፤ ከካርቲየ 1 እስከ ካርቲየ 7። የቅኝ አስተዳደሩ «የአገሬው ተወላጆች መንደር» ያለውን ሥፍራ በቁጥር ከፋፍሎ የተወው ሲሆን፣ ነዋሪው ግን በሶማሊኛ «መጋላ» ማለትም ከተማ ይለዋል። ካርቲየ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ወደ አካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ ገብቷል። በአማርኛ ውስጥ የመጣበት መንገድ ለገሃር የሚለው ቃል ከመጣበት አይለይም፤ ሁለቱም የባቡር መንገዱ ትሩፋቶች ናቸው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በዚሁ ሐዲድ ላይ ቡናና ጨው ብቻ አልተመላለሰም። ዘፋኝ፣ መካኒክ፣ ነጋዴ፣ ከእነርሱም ጋር አማርኛና ኦሮምኛ ወደ ወደቡ ወርደዋል። በካርቲየ 2 ጎዳናዎች ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ የየመን አረብኛ፣ አማርኛና የቢሮው ፈረንሳይኛ የሚገናኙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ቁጥሩ የመለያየት መሣሪያም ነበር። ፕሬዚዳንት ደጎል በነሐሴ 1966 ከተማይቱን ሲጎበኙ ሕዝቡ ለነጻነት ተሰለፈ። በመጋቢት 1967 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ግዛቱም የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ተብሎ ተሰየመ። በዚያው ሰሞን ከተማይቱ በሽቦ አጥር ተከበበች። ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች ባልባላን አቆሙ። የአፋር ወደብ ሠራተኞች የሰፈሩባት አርሂባ በአንድ በኩል፣ ባለቁጥሮቹ ካርቲየዎች በሌላ በኩል ሆነው ኖሩ። የራዲዮ ሞገድ ሽቦ አያግደውም። ስለ ራዲዮ አንድነት ብዙ ጊዜ የሚባለው ነገር የተጋነነ ቢሆንም፣ ይህች አንዷ ሐቅ ግን ችላ የምትባል አይደለችም።

ዘፈኑ ከራዲዮው በፊት በካሚዮን ነበር የሚመጣው። በ1940ዎቹ ዘመናዊውን የሶማሊ ዘፈን እንደ ጀመረ የሚነገርለት አብዲ ሲኒሞ ከቦረማ አካባቢ የተነሣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጆን ዊሊያም ጆንሰን በ1974 ባሳተመው ጥናት እንደ ዘረዘረው፣ ባልዎ የተባለው አጭር የፍቅር ዘፈን ከዚህ ሾፌር ጋር በንግድ መንገዶቹ ላይ ተስፋፋ፤ ቆይቶም ሄሎ ወደተባለው ረጅም ቅርጽ አደገ። ለሥነ ልሳን ሁለቱ ስሞች ራሳቸው ይበቃሉ። ባልዎ መከራ ወይም መቅሠፍት ከሚለው የአረብኛ ቃል ጋር ይያያዛል። ሲኒሞ ደግሞ ሲኒማ ነው፤ የፈረንሳይኛው ቃል የሰው ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። የቀጠናው የሙዚቃ ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ በውሰት ቃልና በቅጽል ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ጣቢያዎቹ ተበራከቱ። ሐርጌሳ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ሞቃዲሾ በ1951፣ የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል በ1957 ሥራ ጀመሩ። የኢትዮጵያ ራዲዮ የውጭ አገልግሎትም በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በአረብኛና በፈረንሳይኛ ወደዚሁ ዳርቻ ያሰማ ነበር። የጅቡቲ አቅራቢ እንግዲህ ብቻውን አልነበረም። አድማጩ ሌሎቹን ጣቢያዎች በአንዲት ትራንዚስተር እያዞረ ያነጻጽረዋል። ሰፊው የሶማሊኛ ሥርጭት ደረጃውን የጠበቀ የሚመስል አነጋገርን ሲያስፋፋ፣ በወደቡ የሚነገረው ሶማሊኛ ደግሞ የራሱ ፈረንሳይኛና አረብኛ ነበረው። አቅራቢው ከሁለቱ የትኛውን ይናገር?

መልሱ በፕሮግራሙ ዓይነት ይለያያል። ዜና የትርጉም ሥራ ነው። በፈረንሳይኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ይመጣል፣ ተርጓሚው ቃል ይፈልጋል፣ ከጠፋም ይፈጥራል። በሶማሊኛ ሰው ሠራሽ ሳተላይትን የሚጠራው «ደየሕ ገዕሜድ» (የእጅ ሥራ የሆነች ጨረቃ እንደ ማለት) በዚህ መንገድ ከለመዱት ቃላት አንዱ ነው፤ አማርኛም በበኩሉ መንኮራኩር የሚለውን ጥንታዊ ቃል ለጠፈር ጉዞ እንዳዋለው ማለት ነው። አንድሬዮቭስኪን የመሰሉ ሊቃውንት የራዲዮ ሶማሊኛን ያጠኑት በአመዛኙ ከዚህ ወገን ነው፤ ፍሬውም ብዙ ነው። የሙዚቃ ፕሮግራም ግን የሚተረጎም ምንጭ የለውም። አቅራቢው ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ በእጁ ያለው የዘፈኖቹ ዝርዝር ብቻ ነው። በአፍሪካ ቋንቋዎች የራዲዮ ታሪክ ውስጥ ከአውሮፓ ቋንቋ ሳይተረጎም የተወለደው አነጋገር ከሁሉ በፊት የሚፈለገው በዚህ ቦታ ይመስላል። እስከ ዛሬ ግን የተጠናው ከዜናው በጣም ያነሰ ነው።

የሥራውን ጠባይ ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በቴፕ ክር ዘመን አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ አይነሣም። ቴክኒሻኑ ክሩን ማጠንጠን፣ በማንበቢያው ራስ ላይ ማሳለፍ፣ መነሻውን በጆሮው መፈለግ አለበት። እስከዚያ ድረስ አየሩ ባዶ መሆን የለበትም። አቅራቢው ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን እጅ እየተመለከተ ይናገራል። ምልክቱ ከዘገየ ንግግሩን ይለጥጣል፤ ከፈጠነ ዐረፍተ ነገሩን በመካከሉ ይቆርጣል። ስለዚህ የአቅራቢው ንግግር ርዝመት የሚወሰነው በሐሳቡ ሳይሆን በክሩ ነው። ለመለጠጥ የሚረዱት ስልቶች አሉት፦ የገጣሚውን ስም መድገም፣ ሰዓቱን መናገር፣ ሰላምታ መጨመር፣ ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ማለት። በጅቡቲ ስለ ሙቀት የሚነገር መቼም አይጠፋም። የንግግር ትንተና ባለሙያ እንደ መሙያ የሚቆጥራቸው እነዚህ ክፍሎች የተናጋሪውን የቤት አነጋገር ከሁሉ ይልቅ የሚያወጡት ናቸው።

ቋሚው ክፍል ደግሞ ማስተዋወቂያው ነው። በሶማሊኛ ልማድ አንድ ዘፈን ሦስት ባለቤቶች አሉት፤ የ«ሚድሆ»፣ የ«ለሐን» እና የ«ዖድ» ባለቤት። ሚድሆ ቃል በቃል ፍሬ ማለት ሲሆን እዚህ ላይ ግጥሙ ነው፤ ለሐን ከአረብኛ የተወሰደ፣ ዜማው ነው፤ ዖድ ድምፅ ነው። የአማርኛው አቅራቢ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብሎ ይዘረዝርና ድምፃዊውን አንዳንዴ መጀመሪያ፣ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የሶማሊኛው ቅደም ተከተል ግን በአብዛኛው ከገጣሚው ይነሣል። ይህ የአገሩን የክብር ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ዘፋኙ የተወደደ ነው፣ ገጣሚው ግን ይፈራል። የጅቡቲ ብሔራዊ መዝሙር እንኳ ሲጠቀስ የቃሉ ባለቤት አደን ኤልሚና የዜማው ባለቤት አብዲ ሮብሌ ተለይተው ይነሣሉ። መዝሙሩ በፈረንሳይኛ ሳይሆን በሶማሊኛ መደረሱም በዚያ 1977 ትንሽ ነገር አልነበረም።

«የማኅበረሰብ ራዲዮ» የሚለው አጠራር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የ2007ቱ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ሥርጭትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ፈቃድ ለይቶታል። በጅቡቲ ግን የአገር ውስጡ የአየር ሞገድ የመንግሥት ነው። ባንዶቹም ከነጻነት በኋላ የፓርቲው ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። እንግዲህ በካርቲየ 2 የሙዚቃ ፕሮግራም የማኅበረሰብ ሆኖ ከተሰማ በፈቃድ ሳይሆን በአነጋገር ነው። አቅራቢው የሰፈር ሰው መሆኑን የሚያሳውቀው የሰዎችን ስም በመጥራት ነው። ይህ በቀጠናው የተለመደ ጥበብ ነው። በኢትዮጵያ ራዲዮ የዘፈን ምርጫን ያዳመጠ ሰው ከዘፈኑ ይልቅ የስሙ ዝርዝር እንደሚረዝም ያውቃል፤ ከወታደር ለእናት፣ ከተማሪ ለጓደኛ፣ ከዚህ ከተማ ለዚያ ወረዳ። አንዳንዱ አድማጭ ዘፈኑን ሳይሆን ስሙን ነበር የሚጠብቀው። በሶማሊኛ ደግሞ የአባትና የአያት ስም ተደርድሮም ሰው ላይለይ ይችላል፤ የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው። ስለዚህ የምርጫ ፕሮግራም የቅጽል ስሞች መዝገብ ነው። አካለ ስንኩልነትን፣ ሙያን፣ የልጅነት ጥፋትን የሚያነሡ ስሞች በይፋ አየር ላይ የሚነገሩት በዚህ ሰዓት ነው። የትኛው ቅጽል ስም በራዲዮ ይነገራል፣ የትኛው ይዘለላል የሚለው ለማኅበረ ልሳን ጥናት ሰፊ ርእስ ነው።

የማዳመጫው ሰዓትም የራሱ ቋንቋ አለው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ወደ ቀትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ጸጥ ትላለች። ሰዎች በመብረዝ፣ ማለትም በጫት መቀመጫው ክፍል፣ ትራስ ተደግፈው ይውላሉ። በእነዚህ ክፍሎች የአማርኛ ዘፈን አማርኛ በማይናገሩትም ዘንድ ይደመጣል። የድሬዳዋው አሊ ቢራ፣ በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ ያደገውና በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአረብኛ የዘፈነው፣ ለዚህ አድማጭ የማንም እንግዳ አልነበረም። አንድ አቅራቢ የአማርኛ ዘፈንን በሶማሊኛ ሲያስተዋውቅ ትርጉሙን ይነግራል ወይስ ስሜቱን ብቻ? የዘፋኙን ስም በአማርኛ ያነበዋል ወይስ ለሶማሊ አፍ ያመቻቸዋል? በአማርኛ የሚፈነዱት ጠ፣ ጨ እና ጰ በሶማሊኛ የሉም። የአቅራቢው ምላስ በዚህች አንዲት ስም ላይ የሚያደርገው ነገር ከብዙ መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

ይህ ሁሉ መረጃ የቴፕ ክር ክምችት ውስጥ በብዛት አይገኝም። ክር ውድ ነበር፤ የተቀረፀው ዘፈኑ እንጂ በቀጥታ የተላለፈው ንግግር አልነበረም። በዚህ ረገድ የጅቡቲ ጣቢያ ከሌሎች አልተለየም፤ እንዲያውም ዘፈኖቹን በመጠበቅ ከብዙዎች ይበልጣል። ከተገኘ የሚገኘው በቤት ካሴት ነው። ከራዲዮ የሚቀዳ ሰው ጣቱን በቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ እንዳያመልጠው አስቀድሞ ይጫናል፣ አዘግይቶ ያነሣል። በዚያች ጥቂት ሰከንድ የአቅራቢው ድምፅ ይገባል። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የራዲዮው ቅጂዎች ከፊሉ በመሬት ተቀብረው፣ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው ተረፉ። ዛሬ በዚያው ከተማ የቀይ ባሕር የባህል ማዕከል ከ14,000 በላይ ካሴቶችን ሰብስቧል። እንዲህ ያለ ክምችት በዘፋኝና በዘፈን ስም ሲመዘገብ የአቅራቢው ስም የሚገባበት ዐምድ አይኖረውም።

የካርቲየ 2 ካሴቶችም በሣጥንና በቁም ሣጥን አናት ላይ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው እያረጁ ነው። የቀድሞ አቅራቢዎችም እንደዚሁ። ከእነርሱ ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ስለ ንግግራቸው ይነግረናል እንጂ ንግግሩን አይመልስም። ሰው ራዲዮ ላይ እንዴት ይናገር እንደነበር ሲጠየቅ ከነበረው ይልቅ የታረመውን ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ካሴቱ ይቀድማል። ካሴቱን ወደ ዲጂታል የሚያዛውረው ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ንጹሕ ዘፈን ነው። ፋይሉን ይከፍታል፣ የድምፁን ሞገድ በስክሪኑ ላይ ያያል፣ ሙዚቃው ከሚነሣበት በስተግራ ያለውን ጥቂት ሰከንድ ይመርጥና ይሰርዘዋል።