የኮልፌው አዛዥና ሁለቱ ግልበጣዎች

በአገራችን ሥልጣን የነጠቀ ሰው «ጉልበቴ አስቻለኝ» ሲል ብዙም አልተሰማም፤ የሌላ ሰው ስም ይዋሳል። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ዙፋኑ ላይ አልወጡም። ሽማግሌውን ዳግማዊ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አንግሠው ከጀርባ ገዙ። ካሳ ኃይሉም ጦር ሜዳ ላይ ሁሉን አሸንፈው ሳለ፣ በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ የአቡነ ሰላማ ቅባትና ሕዝቡ በትንቢት ሲጠብቀው የኖረው የቴዎድሮስ ስም አስፈልጓቸዋል።

ኮልፌ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈሯ ነው። ታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ተነሡ፤ መግለጫውን ግን በራዲዮ ያነበቡት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበሩ። የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከገልባጮቹ ጋር ወገኑ። የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ታደሰ ብሩ ደግሞ ከዙፋኑ ጎን ቆሙ።

በ1954 ኔልሰን ማንዴላ ለውትድርና ትምህርት የመጣው እኚሁ መኮንን ዘንድ ነው። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋረጠ፤ የትግል ድርጅቱ ወደ አገሩ ጠራው። ሲሰናበት ታደሰ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ጥቂቶች ብዙኃኑን ሳያስፈቅዱ የሚገዙበትን ሥርዓት ሊታገል ይዞት ሄደ።

ኮልፌ ሲነሣ የማንዴላ ስም ይቀድማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የአስተናጋጁ ዕጣ ነው። ዙፋኑን ያዳኑት ታደሰ በ1959 በሜጫና ቱለማ ማኅበር እንቅስቃሴያቸው የተነሣ በዚያው ዙፋን ታሰሩ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ተለወጠላቸው።

ከዚያ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ማለትም ደርግ፣ መጣ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘውዱን ከኃይለ ሥላሴ ዘር አይወጣም ብሎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ግን ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ደርግም እንደ 1953ቱ ሰዎች ያንኑ አስፋ ወሰንን ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ አወጀ። ለሕክምና ስዊዘርላንድ የነበሩት አልጋ ወራሽ አልመጡም። ስማቸው ብቻ ለጥቂት ወራት አገለገለ።

ከእስር የወጡት ታደሰ ብሩ በዚህ መንግሥት ላይ ሸፈቱ፤ ተይዘውም መጋቢት 1967 ተረሸኑ። በዚያው ወር ደርግ ዘውዱን ሻረ፤ የተዋሰው ስም ከእንግዲህ አላስፈለገውም።