በጣራ ላይ ያለው ገዳምና ከቅጥር ውጭ ያለው ደብር

ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ ጎልጎታን ተሳልሞና በጌታ መቃብር ላይ ግንባሩን አስነክቶ ሲያበቃ፣ ወደ ዴር ሡልጣን ካልወጣ ጉዞው የተፈጸመ አይመስለውም። እውነትም የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት በግቢው መካከል ብቅ ብሎ የሚታይበት፣ መነኮሳቱ ጎጆ በሚመስሉ ጠባብ ክፍሎች የሚያድሩበት፣ የቅዱስ ሚካኤልና የአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች የሚገኙበት ያ በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለ ገዳም፣ ላየው ሁሉ ልብ የሚነካ ነው።

ነገር ግን ጣራው የተረፈ እንጂ የተመረጠ ስፍራ አይደለም። አባቶቻችን ቀድሞ በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳቸው ጸሎት ቤቶች ነበሯቸው፤ በኦቶማን መንግሥት ዘመን ግን የሚጠየቀውን ግብር መክፈል ስለ ተሳናቸው አንዱን ከአንዱ እያከታተሉ አጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ደግሞ ቸነፈር ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ፤ መጻሕፍታቸውም በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ፤ ከዚያ ወዲህ ከግብጻውያን ጋር በገዳሙ ላይ በተነሣው ክርክር ኢትዮጵያውያኑ የይዞታ ማስረጃችን በዚያ እሳት ጠፋ ማለታቸውን አላቆሙም። የዴር ሡልጣን ጸሎት ቤቶች ቁልፍ በእጃቸው የገባው በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ነው፤ ሙግቱ ግን በዚህም አልተቋጨም።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሙግት ይልቅ የሚደንቀኝ፣ ተሳላሚው ብዙ ጊዜ ሳያያት የሚያልፋት ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ያለችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ገንዘብ ልከው፣ ማንም በማይከራከርበት መሬት ላይ፣ በአገር ቤት ሥርዓት ክብ ሆና መቅደሷ በመካከል እንዲቆም አስጀመሯት፤ እርሳቸው በ1889 መተማ ላይ ሲወድቁ ሥራው ገና ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ አስፈጽመዋት በ1893 ተመረቀች። እቴጌ ጣይቱና በኋላም ንግሥት ዘውዲቱ በዚያው አካባቢ ቤቶች አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው፤ ከእነዚህ ቤቶች የሚገኘው ኪራይ ለመነኮሳቱ ቀለብና ልብስ ሆነ። ከሱልጣን ፈቃድ ከመለመን ኪራይ መቀበል የሚሻል ብልሃት ነበረ፤ ዛሬ ግን ይህን ብልሃት የሚያመሰግነው ሰው ጥቂት ነው።

ደብሯ ያለችበት መንገድ በአገራችን ስም ይጠራል፤ የዕብራይስጥን ቋንቋ ለዕለት ንግግር ያበቃው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም በዚያው መንገድ ኖሮበታል። ከደማስቆ በር ተነሥቶ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ተሳላሚዎቻችንን የሚመሩ ሁሉ ደብረ ገነትን በጉዞው ሥርዓት ውስጥ ያስገቡልን።