«ማርሚታውን ቁረጠው» የሚለው ምክር ከየት መጣ?

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ነገር ነው የምጽፈው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ባለፈው ክረምት ቤታችን የገባ ጉዳይ ግን መጨረሻው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በአንዲት ያገለገለች የቤንዚን ሚኒባስ ነው። ከዓለም ከተማ በለሚ አድርገው ሙከጡሪ ይመላለሳሉ። የጀማን በረሃ ወርዶ መውጣት ምን እንደሆነ የአገሬ ልጆች ታውቁታላችሁ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስትደክምባቸው ጊዜ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና «ጋሼ፣ ያነቃት ማርሚታው ነው። ካታሊስቱን ቆርጠን ባዶ ቱቦ እንበይድላት፣ ትተነፍሳለች» አላቸው። ተቆረጠ። እውነትም የመጀመሪያውን ሳምንት ፈጠነች። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። ቤንዚን መጠጣቷ ጨመረ፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ለበሰ። ለልጆቻቸው ደብተርና ዩኒፎርም የታሰበው ብር ማደያ ቀረ።

«ድሮ እኮ ስንቱ መኪና ሲቆረጥ ኖሯል፣ ምን ሆነ?» አሉኝ አጎቴ። እኔም አሰብኩት፦ ድሮ ያልጎዳ ነገር ዛሬ ለምን ጎዳ?

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪና አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያመጣውም ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። የጋራዡን ቋንቋ ግን በብዛት የወረስነው ከጣሊያን ነው። ያው የጣርማበርን ዋሻ የበሳው ጣሊያን ማለቴ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ቦሎ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ማርሚታም እንደዚሁ፤ ትርጉሙ ድስት ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ድስት ሥራው የሞተሩን ጩኸት ማፈን ብቻ ነበር። ሞተሩ የሚመገበው በካርቡራተር ነው። ቤንዚንና አየር የሚመጥነው መካኒኩ ራሱ ነው፣ በጆሮው እየሰማ በካቻቪቴ እያዞረ። ጭስ ማውጫው ቢቆረጥ መኪናው ይጮሃል እንጂ ሞተሩን የሚመራ ነገር እዚያ ቱቦ ላይ አልነበረም።

ድስቱ ውስጥ ሌላ ነገር የገባው በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የንጹህ አየር ሕግ የመኪና ጭስ በብዙ እንዲቀንስ አስገደደ። ስለዚህ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ካታሊስት ተገጠመላቸው። ካታሊስት እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የመሳሰሉ ውድ ማዕድናት የተቀባ ነገር ነው። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያልፍበት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ቮልቮ ቦሽ የሠራውን የኦክስጅን ሴንሰር መኪናው ላይ ገጠመ። ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ያንን እያየ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር እንዲደርስ ይመጥናል። የካቻቪቴው ሥራ ወደ ቱቦው ሄደ ማለት ነው።

እኛ ጋ ግን አንድ እንቅፋት ነበር፦ እርሳስ ያለበት ቤንዚን። እርሳስ ካታሊስቱን ይለብጠውና ይገድለዋል። የአፍሪካ አገሮች ይህን ቤንዚን ለመተው ዳካር ላይ የተስማሙት በ1993 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ጨርሶ የተላቀቀው በ1998 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ቤንዚን የሚሄድ መኪና ካታሊስት ቢኖረውም ሙት ነው። የሞተውን ቆርጦ መጣል ብዙም ኪሳራ አልነበረም። እንግዲህ የአጎቴ ዘመን ምክር ለአጎቴ ዘመን መኪና ልክ ነበር።

የዛሬዋ ሚኒባስ ግን ሁለት ሴንሰር አላት። የፊተኛው ቤንዚኑን ያስመጥናል፤ የኋለኛው ካታሊስቱ መሥራቱን ይጠብቃል። ካታሊስቱ ሲጠፋ የኋለኛው «ጭሱ እንደገባ ወጣ» ብሎ መብራቷን ያበራል። ይህ ብቻውን ቤንዚን አያስበላም። የአጎቴን ኪስ ያራቆተው ሌላ ነው፦ ሲቆረጥና ሲበየድ ከፊተኛው ሴንሰር አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ቀዳዳ ቀረበት። በቀዳዳው የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ «ኦክስጅን በዛ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አነሰ ብሎ ይጨምራል። ሴንሰሩ አልዋሸም፣ ያገኘውን ነው የተናገረው።

አንዱ ደግሞ «ሴንሰሩን ንቀሉት» ብሏቸው ነበር። እንዳታደርጉት! ያኔ ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሚመግበው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ጀማ ወርዶ መውጣት ማለት አየሩ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሲለዋወጥ ማለት ነው። ያንን ልዩነት እየተከታተሉ ከሚያስተካክሉት አንዱ ያ ሴንሰር ነው።

መካኒኩ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ካታሊስት ይደፈናል፣ ሲደፈንም ኃይል ያሳጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነት ከዚህ የመጣ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚደፍነው ዘይት የሚበላ ወይም እሳት የሚዘል ሞተር ነው፤ እሱ ሳይታከም መቁረጥ በሽታውን አያድንም። አጎቴን ያሳዘናቸው ሌላም ነገር አለ፦ የተቆረጠው ዕቃ ጋራዡ ቀረ። ውስጡ ያለው ማዕድን ዋጋ እንዳለው ማንም አልነገራቸው።

አሁን ቀዳዳው ተበይዷል፣ ቤንዚኑ ወደ ልኩ ተመልሷል። መብራቷ ግን እንደበራች ነው፤ ለካታሊስቱ ብር እያጠራቀሙ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለታገደ ብዙዎቻችን በእጃችን ባለው ነው የምንቆየው። ስለዚህ «እንቁረጠው» ስትባሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መደፈኑ በምን ተለካ? የደፈነው ምንድን ነው? የተቆረጠውስ የማን ነው?

በዚህ ሙያ ያላችሁ ወንድሞች የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። እናንተስ ምን ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።